ካርባይድ መቁረጫ በእንጨት ቶርኖ ላይ

ለእንጨት ቶርኖ የሚያገለግል ካርባይድ መቁረጫ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ረጅም የእንጨት እጀታ፣ ከእጀታው የሚወጣ የብረት ዘንግና በዘንጉ ጫፍ በአንዲት ብሎን የታሰረ ትንሽ ምላጭ። ምላጩ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። አራት ማዕዘኑ ሻካራውን እንጨት ለማክበብና ቀጥ ያለውን ለማስተካከል፣ ክቡ ለጎድጓዳ ሥራ፣ ሹሉ ለቀለበትና ለጠባብ ቦይ ይውላል። አንዱ ማዕዘን ሲደነዝዝ ብሎኗ ትላላለች፣ ምላጩ ይዞራል፣ ሥራው ይቀጥላል።

ምላጩ የሚሠራው ከተንግስተንና ከካርቦን ውሕድ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ከኮባልት ጋር ተደባልቆ ከተጠቀጠቀ በኋላ 1,400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ሲጋገር ኮባልቱ ቅንጣቶቹን አያይዞ ይይዛቸዋል። በጀርመን የኦስራም ባልደረባ የነበረው ካርል ሽሬተር ይህን ዘዴ ያዳበረው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን፣ ክሩፕ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዊዲያ ብሎ ለገበያ አቅርቦታል። ለኮልፌ ቀራንዮ እንጨት ሠሪ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ግድግዳ የሚበሳው የትራፓኖ ፑንታ ጫፍና ኤምዲኤፍ የሚሰነጥቀው ክብ መጋዝ ጥርስ ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። አዲሱ ነገር በእጅ በሚያዝ የቶርኖ መሣሪያ ላይ መምጣቱ ነው።

ጥቅሙ ከሁሉ በላይ ለተማሪ ነው። በመሮ ቶርኖ የሚማር ሰው ሁለት ሙያ በአንድ ጊዜ ይሸከማል፦ እንጨት መቅረጽና ስለት ማውጣት። የአልጋ እግሩ ሲቦጫጨቅበት ጥፋቱ የእጁ ይሁን የአሳሳሉ አያውቅም፤ መሮውን ደጋግሞ ድንጋይ ላይ እየወሰደ ብረቱን ይጨርሳል። ካርባይድ ሁለቱን ይለያቸዋል። ስለቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚታየው ስሕተት የእጅና የአቋቋም ብቻ ይሆናል፤ እሱም ቶሎ ይታረማል።

ይሁን እንጂ አያያዙ ከመሮ ጋር ተቃራኒ ነው። መሮ ሲያዝ እጀታው ዝቅ ይላል፤ ከስለቱ በስተጀርባ ያለው ተዳፋት መጀመሪያ የሚሽከረከረውን እንጨት ይደገፋል፤ እጀታው ቀስ እያለ ከፍ ሲል ስለቱ ገብቶ ረጅም ጥቅል ፍቅፋቂ ያወጣል። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ካርባይድ በዚህ መንገድ ከተያዘ እንጨቱ ይነክሰዋል። ካርባይድ የሚፍቅ መሣሪያ ነው። ዘንጉ መደገፊያው ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ከወለሉ ትይዩ ይያዛል፤ ስለቱ ከቶርኖው መሐል እኩል ከፍታ ላይ ይውላል። ስለዚህ ዋናው ዝግጅት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ያልቃል፦ ዘንጉ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት የምላጩ ፊት ከዘንጉ ላይ እኩል ከተቀመጠ፣ መደገፊያው ከመሐሉ 12 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ መቁረጫው ቀለል ተደርጎ በቀጥታ ይገባል፣ ወደ ግራና ቀኝ ይነዳል። ጎድጓዳ ነገር ከውስጥ ሲሠራ ስለቱ ከመሐል ጥቂት ከፍ፣ ከውጭ ሲሠራ ጥቂት ዝቅ ቢል ይመረጣል፤ እንጨቱ ቢይዘው እንኳ ጫፉ ወደ ባዶው ስፍራ ይሸሻል።

ፍጥነትም የራሱ ልክ አለው። የእንጨቱ ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር ተለክቶ በደቂቃ ዙሩ ሲባዛ ከ15,000 እስከ 23,000 ቢደርስ ለጨረሳ ይበቃል። ባለ አራት ዋልታ ሞተር በ50 ኸርዝ መብራት 1,400 ዙር ገደማ ይዞራል። ይህ 12 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የደረጃ ምሰሶ መልካም ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሳህን ግን አደገኛ ስለሆነ በፑሊ ከ750 ዙር በታች መውረድ አለበት። ገና ክብ ያልሆነ እንጨት ከዚህም ባነሰ ፍጥነት ይጀመራል።

እንጨቱ ራሱ መልስ ይሰጣል። ወይራ ጠጣርና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በካርባይድ ሲፋቅ ለስላሳና የሚያበራ ፊት ያወጣል። ዋንዛ ለስላሳ ነው፤ መፋቅ ጭረቱን ይነቅለዋል፣ በተለይም ጎድጓዳው ጭረቱን በሚቃረንበት በኩል። ባሕር ዛፍ በውስጡ ውጥረት ስለሚይዝ በበጋው ደረቅ አየር ይሰነጠቃል፤ ሆኖም ለመለማመጃ ከአጠና ተራ የሚገኝ ቁራጭ ይበቃል። ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ተጠብቀው የነበሩ ዛፎች ናቸውና ለእጅ ማፍታቻ መዋላቸው አግባብ አይደለም።

መሣሪያውን እዚሁ መሥራት ይቻላል። 12 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ብረት ጫፉ ላይ ለምላጩ መቀመጫ ይፋቅለታል፣ ቀዳዳው ጥርስ ይወጣለታል፣ እጀታ ይገባለታል። የግንባታ ፌሮ ለዚህ አይሆንም፤ ክብና ቋጠሮ ስለሆነ መደገፊያው ላይ አይተኛም፣ ይንከባለላል። ምላጩ ለእንጨት ተብሎ የተሠራ ይሁን። ለብረት ቶርኖ የሚውለው የስለቱ ጠርዝ እንዳይሸረፍ ሆን ተብሎ ስለሚለዝብ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይገፋዋል።

ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ከመቀመጫው ሥር የቀረ የፍቅፋቂ ቅንጣት ብሎኗ ስትጠብቅ ምላጩን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ስለዚህ ምላጩ በዞረ ቁጥር መቀመጫው ይጠረጋል፣ ብሎኗም በልክ ትታሰራለች። ተራው ግራጫ የመሳያ ድንጋይ አይነካውም። መሳል ካስፈለገ ጠፍጣፋው ፊት ብቻ በደቂቅ የአልማዝ መሳያ ላይ በውኃ ይታሻል፤ የኮባልት ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነውና ደረቁን አይሳልም። የጥድ ሙጫ ሲለጠፍበት ምላጩ ተፈትቶ በነጭ ጋዝ ይታጠባል።

የሚፍቅ መሣሪያ ከመሮ ይልቅ ደቃቅ ብናኝ ያበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ጭምብል፣ መነጽርና የተሰበሰበ እጅጌ ካልተሟላ ሞተሩ መነሳት የለበትም።

ካርባይድ የማይደርስበት ሥራም አለ። በዋንዛ ላይ በተሳለ መሮ የተቆረጠ ፊት በብርጭቆ ወረቀት እምብዛም አይታሽም፤ በካርባይድ የተፋቀው ግን ከ80 ቁጥር ጀምሮ መታሸት ሊፈልግ ይችላል። ተማሪ የሚቀበሉ ሥራ ቤቶች ካርባይድን በመጀመሪያ ይስጡት፤ ቅርጹን መቆጣጠር ሲጀምር ደግሞ መሮውንና መሳያውን ሳያዘገዩ ያስይዙት።