«መሬት ላራሹ»፤ በአንድ መፈክር ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ተማሪዎች እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ የተጻፈው ብዙ ነው። ከተጻፈው የሚበዛው ግን ወይ የምስጋና ወይ የክስ ጽሑፍ ነው፤ አንዱ ወገን ያን ትውልድ እንደ ሰማዕት ሲያነሣው፥ ሌላው ወገን በአገሪቱ ላይ ለደረሰው መከራ ሁሉ ተጠያቂ ያደርገዋል። ሁለቱም የሚመረምሩት ተማሪዎቹ ያስከተሉትን እንጂ ያሉትን አይደለም። እኔ በዚህ አጭር ጽሑፍ ላደርግ ያሰብሁት ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ሲሄዱ ያሰሙትን ሁለት ቃል ወስጄ፥ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሌላውን ድርሰት እንደሚያነብ አድርጌ ላነበው እወዳለሁ። መፈክር ድርሰት ነውን? የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በዚያ ዘመን በአማርኛ ከተጻፈው ሁሉ ከነዚህ ሁለት ቃላት ይልቅ የብዙ ሰው ኑሮ የለወጠ ጽሑፍ ያሳየኝና እንከራከር።

አጋጣሚው የታወቀ ነው። በዚያ ወራት በፓርላማ ይነገርበት የነበረው ረቂቅ ሕግ በባለመሬትና በጢሰኛ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚመለከት ነበር። ረቂቁ ጢሰኝነትን በደንብ ለመገደብ እንጂ ለማጥፋት አላሰበም። ተማሪዎቹ ግን ሲሶው ወደ እርቦ ይውረድ፥ ጢሰኛው ያለ ማስጠንቀቂያ አይነቀል ብለው ሊከራከሩ አልሄዱም። ክርክሩን ራሱን ትተው ሌላ ነገር ተናገሩ። ረቂቁም ቢሆን እስከ አብዮቱ ድረስ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ። በወረቀት ላይ «ለአራሹ» ተብሎ ቢጻፍም በአፍ «ላራሹ» ነው፤ ሁሉም ተደምሮ አምስት ድምፅ ብቻ ሲሆን፥ በሁለቱም ቃላት መካከል «ረ» ትመላለሳለች። ሲራመዱ የሚባል ነገር ነው። ዐሳቡ ከውጭ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፥ በቻይና ሱን ያት ሴን አራሹ የሚያርሰው መሬት ይኑረው ብለው ነበር። አቀራረቡ ግን የአገር ነው። «ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ» ስንል ግሥ እንደማንጨምር ሁሉ፥ ይህም ያለ ግሥ የቆመ አነጋገር ስለሆነ፥ ያልተማረ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ሊደግመው ይችላል። የኋለኞቹ የግቢ ጽሑፎች፥ በተለይም በእንግሊዝኛ የወጡት፥ ይህን ጸጋ አላገኙም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የ«አራሽ» መመረጥ ነው። ቋንቋችን ለዚህ ሰው ብዙ ስም ነበረው። ገበሬ፥ ባላገር፥ ገባር፥ ጢሰኛ ይባላል። «ገበሬ» ቢባል ባለርስቱም፥ በሬና ዘር ሰጥቶ በሰው ጉልበት የሚያሳርሰውም ይገባበታል። «ባላገር» ማለት በቃሉ ትርጉም ባለ አገር ስለሆነ መሬት የሌለውን ሰው እንዲህ ብሎ መጥራት ፌዝ ይመስላል። «ገባር» የሚጠራው በሚከፍለው ግብር፥ «ጢሰኛ» የሚጠራው በሰው መሬት ላይ ባጨሰው ጢስ ነው፤ ሁለቱም ሰውየውን ከጌታው አንጻር ያዩታል። «አራሽ» ብቻ በገዛ እጁ ሥራ ይጠራዋል። ከዚህም በላይ በ«አራሽ» እና በ«አሳራሽ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ መፈክሩ ያችን ፊደል አውጥቶ ጣላት። (በሬውም ያርሳል ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም።) አንድ ሰው መሬት የሚገባው በደም፥ በሹመት ወይም በስጦታ ሳይሆን በሥራው ነው የሚለውን ትምህርት በዚህ ያህል አጭር ቃል የገለጸ ሌላ አላውቅም።

ዳሩ ግን ሁለት ነገር ጐድሎበታል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። አንደኛው የጐደለው ግሡ ነው። መሬት ላራሹ ይሰጥ? ይሸጥ? ይመለስ? ሰጪውስ ማን ነው? «ይመለስ» ቢባል መሬቱ ቀድሞ የአራሹ ነበረ ማለት ይሆናል፤ «ይሰጥ» ቢባል ደግሞ ለመስጠት መጀመሪያ የሚወስድ ክንድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጉድለት የአነጋገሩ ሰው ነው። መፈክሩ «ላንተ» አይልም፤ «ለኛ»ም አይልም። «ላራሹ» ማለት እዚህ ስለሌለ ስለ ሦስተኛ ሰው መናገር ነው። ተናጋሪው ተማሪ፥ ሰሚው ፓርላማ፥ አራሹ ግን በአርሲ ወይም በሲዳሞ በእርሻው ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ቃል የጥሪ ቃል ሳይሆን የጠበቃ ቃል ነው። ጠበቃ ባለጉዳዩ በሌለበት ለዳኛ ይናገራል፤ ዳኛውም ፈርዶ የሚሰጠው ዳኛው እንደ ወደደ ነው።

ይህን ስል ተማሪዎቹ ስለ ገጠር ምንም አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ነበሩ፤ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲው አገልግሎትም ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ይልከው ነበር። በኋላም በመጽሔቶቻቸው፥ በተለይም በውጭ አገር በሚታተሙት፥ ስለ መሬት ይዞታ ብዙ ተከራክረዋል። ጥያቄዬ ክርክሩ ሕዝብ ወደሚሰማው ቃል ለምን አልገባም የሚል ነው። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይቆይ፥ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ተነሣ። ያ ሰው አራሽ ነው፤ ግን ባለርስት አራሽ ነው፤ የፈራውም መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ይጠፋል ብሎ ነው። መሬት ላራሹ ቢሉት፥ «መሬቱማ የኔ ነው፤ ከማን ተቀብላችሁ ልትሰጡኝ ነው?» ብሎ በጠየቀ ነበር። በዘመኑ ከተነሡት ዋና ዋና የገበሬ ዓመፆች ለአንዱ መፈክሩ የሚነግረው ነገር አልነበረውም።

የሴቲቱም ነገር አለ። በሰሜኑና በመካከሉ አገር ሴት ታርማለች፥ ታጭዳለች፥ አውድማ ታዘጋጃለች፤ በልማድ ሞፈር ግን አትይዝም። እንግዲህ ባሏ የሞተባት ሴት «አራሽ» ናት ወይስ «አሳራሽ»? የምታሳርሰው እኮ ጌታ ስለሆነች አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት በቀረበ ጊዜ የባዕድ ባህል ነው ብለው በተነሡት ሰልፈኞች ዘለፋ የደረሰባቸው ሴት ተማሪዎች መሆናቸውን ሳስብ፥ ይህ ግድፈት የሰዋስው ብቻ አይመስለኝም። በእንሰት አገር ደግሞ መሬቱ በብዙ ቦታ የሚቈፈረው በእጅ ነው፤ ቀንበርና ሞፈር የለም። ከብት አርቢውም ከቃሉ ውጭ ነው። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ «ስትራግል» በተባለው መጽሔት የጻፈው ጽሑፍ ደግሞ መፈክሩ የዘለለውን ሌላ ነገር አነሣ፤ በደቡብ ባለመሬቱንና ጢሰኛውን ብዙ ጊዜ የሚለያቸው የመሬት ወረቀት ብቻ ሳይሆን ቋንቋም ነው። «አራሽ» የሚለው ቃል ብሔር የለውም። ይህ ኀይሉ ነው፤ ይህ ድካሙም ነው።

የጐደለውን ግሥ በመጨረሻ የሞላው ወታደሩ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚደርሰው ከ10 ሔክታር፥ ይኸውም ከአንድ ጋሻ ሩብ ገደማ፥ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥ፥ ማስያዝና ማከራየትን ከለከለ። አዲስ አበባ በደስታ ሰልፍ ተሞላ። ጢሰኛው ከሲሶና ከእኩል ዕዳ ተላቀቀ፤ ይህን ማቃለል የሚሻ ሰው ጢሰኛውን አያውቀውም። ነገር ግን መሬቱ «ላራሹ» በመጠቀሚያነት ሲደርሰው ባለቤትነቱ ለመንግሥት ሆነ። መፈክሩ ይህን አልጠየቀም፤ አልከለከለምም። ጠበቃው ዳኛው የሚፈርደውን አስቀድሞ ስላልወሰነ ዳኛው እንደ ወደደ ፈረደ።

አዋጁ ግን በአንድ ነገር ከመፈክሩ የተሻለ አንባቢ ሆኖ አገኘሁት። መሬት ሲደለደል የጾታ ልዩነት እንዳይደረግ ጻፈ። በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክልም፥ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፥ ባለይዞታው ቢሞት ወይም ቢታመም ወይም ቢያረጅ የትዳር ጓደኛውንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹን ከክልከላው አወጣ። ያች ባሏ የሞተባት ሴት ከአሥር ዓመት በኋላ በንዑስ አንቀጽ ገባች ማለት ነው።

ሦስተኛው ሰው ሁለተኛ ሰው የሆነበት ጊዜም ነበረ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲላኩ፥ «ላራሹ» ያሉት ሰዎች ከአራሹ ፊት ቆሙ። በዚያ ጊዜ «ላንተ» ማለት ግድ ሆነ። በአንዳንድ ስፍራ ዘማቾቹ ገበሬው መሬቱን ራሱ እንዲያስተዳድር ከአዋጁ ቀድመው ሲሮጡ ከባለሥልጣናትና ከባለመሬቶች ጋር ተጋጩ። ይህ ግጭት የዘማቾቹ ስሜታዊነት ብቻ ተደርጎ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ እኔ ግን አሥር ዓመት የዘገየ የግሥ ክርክር አድርጌ አነበዋለሁ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ሲደነግግ፥ የገበሬውን መብት በአንድ ንዑስ አንቀጽ፥ የከብት አርቢውን በሌላ ንዑስ አንቀጽ አስቀመጠ። ይሸጥ፥ አይሸጥ የሚለው ክርክር ዛሬም በየመማሪያ ክፍላችን ይሰማል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ከመፈክሩ ቀርታ የነበረችው ግሥ ያችው ናት።