ርካሹ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር ሲመዘን

አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል የሚያደራጀው በየዓመቱ አይደለም። አንድ ጊዜ በተገኘ በጀት ወይም በዕርዳታ የገባ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት ተማሪ እየተፈራረቀበት ይኖራል። በመሆኑም በግዢ ጊዜ የተፈጸመ ስሕተት ዕዳው የሚተርፈው ለተማሪው ነው። ፕሮሰሰርን፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን አንጎል፣ መመዘን የመምህርም ተግባር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የተመረጠው ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ፔንቲየም ጂ 4560 ነው። ይህ ፕሮሰሰር በዝቅተኛ ዋጋ ምን ያህል ሥራ ሊገኝ እንደሚችልና ርካሽነትም ምን እንደሚያስቀር አጣምሮ ያሳያል።

በመጀመሪያ መልካም ጎኑን እንመልከት። ፕሮሰሰሩ ሁለት ኮር፣ ይኸውም ራሳቸውን ችለው የሚያሰሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። ፍጥነቱ 3.5 ጊጋኸርዝ፣ ካሽ የሚባለው የቅርብ ማኅደረ ትውስታው 3 ሜጋባይት፣ ሲወጣ የተተመነለት ዋጋም 64 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በዚያው ትውልድ የወጣው ታላቅ ወንድሙ ኮር አይ 3-7100 እንዲሁ ባለ ሁለት ኮርና ባለ 3 ሜጋባይት ካሽ ሲሆን ፍጥነቱ 3.9 ጊጋኸርዝ፣ ዋጋው 117 ዶላር ነበር። ተማሪዎች ቢያሰሉት የታላቁ የፍጥነት ብልጫ በመቶ 11 ያህል፣ የዋጋ ብልጫው ግን በመቶ 83 ያህል ሆኖ ያገኙታል።

ሌላው መልካም ጎኑ እያንዳንዱ ኮር ሁለት የሥራ መስመር መያዙ ነው። አንዲት ወጥ ሠሪ በሁለት ምድጃ ሁለት ድስት ብትጥድ፣ አንዱ እስኪፈላ ሌላውን ታማስላለች። ሠሪዋ አንዲት ብትሆንም በመጠበቅ የሚባክን ጊዜዋ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ሁለት ሠሪዎች የሚሠሩትን ያህል አትሠራም። ስለዚህ «አራት መስመር አለው» የሚለውን «አራት ኮር አለው» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ በተማሪዎች ዘንድ የተለመዱ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶችን ማረም ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ ጊጋኸርዝ የበዛለት ሁሉ ይፈጥናል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ባለ አንድ ኮሩ ፔንቲየም 4 እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ደርሶ ነበር። ሆኖም የጂ 4560 አንዱ ኮር ብቻውን፣ በ3.5 ጊጋኸርዝ፣ በሥራ በእጅጉ ይበልጠዋል። ጊጋኸርዝ የሚነግረን በሴኮንድ ውስጥ ስንት ምት እንደሚመታ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚከናወን አይነግረንም።

ሁለተኛው፣ ኮር በእጥፍ ሲጨምር ፍጥነቱም በእጥፍ ይጨምራል የሚለው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውነት ቢሆንም፣ ትብብር ወሰን እንዳለው ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 አስረድቷል። አንድ መምህር 100 ደቂቃ የሚፈጅ የፈተና ሥራ አለው እንበል። ከዚህ ውስጥ 20 ደቂቃው የመልስ ቁልፍ ማዘጋጀት ሲሆን ለሌላ ሊከፈል አይችልም፤ 80 ደቂቃው እርማት ስለሆነ ይከፈላል። ሁለት መምህራን ቢሠሩት 60 ደቂቃ፣ አራት ቢሠሩት 40 ደቂቃ ይፈጃል። መቶ መምህራን ቢሰለፉም ከ20 ደቂቃ በታች አይወርድም። ለጽሕፈት፣ ለሠንጠረዥ ሥራ፣ ለጀማሪ የፕሮግራም ትምህርትና በቪዲዮ ለተዘጋጀ ትምህርት ሁለት ጠንካራ ኮር የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው፤ አብዛኛው ሥራ ብዙ ቦታ የሚከፈል አይደለምና።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንሂድ። ኩባንያው ከዚህ ፕሮሰሰር ላይ ኤ.ቪ.ኤክስ የሚባሉትን የስሌት ትእዛዞች አስቀርቷል። እነዚህ ትእዛዞች ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ ለማስላት ያገለግላሉ። ኮር አይ 3-7100 ሲኖሩት ጂ 4560 የለውም። ለደብዳቤ ጽሕፈት የሚያመጣው ችግር የለም። ነገር ግን ቴንሰርፍሎው የተባለው የማሽን ትምህርት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተዘጋጅቶ የሚቀርበው ኤ.ቪ.ኤክስ ላላቸው ፕሮሰሰሮች ነው። ይህን ዕውቀት መቅሰም የሚሻ ተማሪ በመደበኛው መንገድ ፕሮግራሙን ሊያሠራ አይችልም። የሀብታምና የድኻ ልዩነት እንዲህ ባለ በማይታይ ቦታ ሲገባ መምህር ሊያስተውለው ይገባል።

ከዚህ የከበደው ጉድለት የዕድሜ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ሲጠይቅ፣ ጂ 4560 ግን የ7ኛው ትውልድ ነው። ፕሮሰሰሩን ብቻ ለውጦ ማምለጥም አይቻልም። የተሠራለት ማዘርቦርድ የሚቀበለው ቢበዛ የዚያኑ ትውልድ ኮር አይ 7-7700ኬ ነው፤ እርሱም ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የለም። የቀረው ደኅና መንገድ ሊኑክስን መጫን ነው። ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ሲሆን በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ያለ ችግር ይሠራል።

«ፔንቲየም» የሚለው ስምም ራሱ ሊነቀፍ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ያገለገለው ይህ ስም አሮጌውንም አዲሱንም በአንድ ካባ ይሸፍናል። ጂ 4400 ፔንቲየም ነው፤ ጂ 4560ም ፔንቲየም ነው። የመጀመሪያው ግን ሁለት የሥራ መስመር፣ ሁለተኛው አራት አለው። ስለዚህ በዋጋ ማቅረቢያ ወይም በስጦታ ዝርዝር ላይ «ፔንቲየም፣ ዱዋል ኮር» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ቢመጣ፣ ፈርሞ ከመቀበል በፊት ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፍርዱን ስናጠቃልል፦ ጂ 4560 በወጣበት ዘመን ለገንዘቡ ከሚገባው በላይ የሠራ ፕሮሰሰር ነው። ዛሬ ባገለገለ ኮምፒዩተር ውስጥ በዝቅተኛ ዋጋ ወይም በስጦታ ከተገኘ ሊናቅ አይገባውም። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ በሁለት እኩል ቁራጭ ተከፍሎ ቢገባለት፣ አሮጌው ሀርድ ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ ቢተካለትና ሊኑክስ ቢጫንበት፣ ለመሠረታዊ የኮምፒዩተር ትምህርት ገና ያገለግላል። በተለይ የዲስኩ ለውጥ ውድ ፕሮሰሰር ከመግዛት ይልቅ ለተማሪው ዐይን የሚታይ ለውጥ ያመጣል። አዲስ ክፍል ለማደራጀት በጀት የተያዘለት ትምህርት ቤት ግን ገንዘቡን በዚህ ላይ ሊያውል አይገባም። በርካሽ የተገዛው ኮምፒዩተር የሚፈለገውን ፕሮግራም የማይቀበል ከሆነ ሁለተኛ ግዢ ያስከትላልና፣ በመጨረሻው ስሌት ውድ ይሆናል።

መምህራን ይህን ምዘና በክፍል ውስጥ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው የሚገኘውን አንድ ኮምፒዩተር የሞዴል ቁጥር፣ የኮሩንና የሥራ መስመሩን ብዛት፣ ሚሞሪውንና የዲስኩን ዓይነት መዝግበው፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚበቃና ለየትኛው እንደማይበቃ በምክንያት ይጻፉ።