የቆጣሪ እውነት ከቧንቧው ይጀምራል

ባለ ተርባይን የውሃ ቆጣሪ በመስታወቱ ላይ የሚያሳየው ሜትር ኩብ ቢሆንም፣ በቀጥታ የሚለካው የውሃውን ፍጥነት ነው። በቧንቧው የሚመጣው ውሃ ጠመም ያሉትን ክንፎች ገፍቶ ያሽከረክራል፤ ዙሩ በማግኔት አማካይነት ከላይ ወዳለው ደረቅ ክፍል ይተላለፋል፤ እዚያ ያሉት ጥርሶች ዙሩን ወደ ሜትር ኩብ ይመነዝሩታል። በዚህ ምንዛሪ ውስጥ ሦስት ያልተነገሩ ግምቶች አሉ። ቧንቧው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ የውስጥ ስፋቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ውሃውም ሳይሽከረከርና ወደ አንድ ጎን ሳያደላ ይመጣል የሚሉ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ቆጣሪው አይቆምም፣ ምልክትም አይሰጥም፤ እንደወትሮው እየዞረ የተሳሳተ ቁጥር ይመዘግባል። ስለዚህ ከቆጣሪው በፊትና በኋላ ያለው ቧንቧ የቆጣሪው አካል ነው፤ የቆጣሪውም ትክክለኛነት ከማምረቻው ይልቅ በሚተከልበት ጉድጓድ ውስጥ ይወሰናል።

ፍጥነትን በክንፍ የመለካቱ ሐሳብ የቆየ ነው። ጀርመናዊው የውሃ መሐንዲስ ራይንሃርድ ቮልትማን የወራጅ ውሃን ፍጥነት በሚሽከረከር ክንፍ ስለመለካት የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ሲሆን፣ ዛሬም ትልልቆቹ ባለ ተርባይን ቆጣሪዎች በስሙ ቮልትማን ይባላሉ። ወንዝ ውስጥ ክንፍ ነክሮ ፍጥነት የሚለካ ሰው የወንዙን ወርድና ጥልቀት ለብቻው ለክቶ ከፍጥነቱ ጋር ካላባዛ የውሃውን መጠን እንደማያገኝ ያውቃል። ውሃው መሃል ላይ ፈጥኖ ዳር ላይ እንደሚዘገይም ስለሚያውቅ አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ አይመለስም። መሣሪያው ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለፋብሪካው ተተወ። ፋብሪካውም የድርሻውን ይወጣል፤ ስፋቱን አስተካክሎ ይሠራል፣ በረጅም ቀጥ ያለ ቧንቧ ላይ ፈትሾ ማረጋገጫ ይሰጣል። ያ ቧንቧ ግን ከቆጣሪው ጋር ተጭኖ አይመጣም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አይ.ኤስ.ኦ 4064 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለሁለተኛ ምድብ ቆጣሪዎች በቀዝቃዛ ውሃ የሚፈቅደው ስሕተት በዋናው የፍሰት ክልል ሲደመር ወይም ሲቀነስ 2 በመቶ፣ በዝቅተኛው ክልል ደግሞ 5 በመቶ ነው። አሁን የውስጥ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ቆጣሪ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቅርፊት ተጋግሯል እንበል። ስፋቱ 98 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የውሃው መተላለፊያ ወደ 96 በመቶ ይወርዳል። ያው ውሃ በጠበበው መንገድ ለማለፍ 4 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፤ ክንፉም አብሮት ይፈጥናል። ከተፈቀደው ስሕተት እጥፍ የሆነው ይህ ትርፍ ንባብ የመጣው በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው። በሰዓት 30 ሜትር ኩብ የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ 600 ሜትር ኩብ ያመርታል፤ የዚህ 4 በመቶ በቀን 24፣ በዓመት 8,760 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ውሃ ከመሬት ሳይወጣ መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። የከተማው ውሃ አገልግሎት ያመረተውን ከሸጠው ጋር ሲያወዳድር ልዩነቱን ብክነት ይለዋል፤ ከዚያም የሌለ ቀዳዳ ፍለጋ መንገድ ይቆፈራል።

ቅርፊት ለመጋገር ዓመታት ይፈልጋል፤ የተከላ ጉድለት ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይሠራል። እንደ አቃቂ ያሉ የጉድጓድ መስኮች ለከተማ ውሃ በሚያቀርቡበት አገር ቆጣሪው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ፓምፑ ውሃውን ሽቅብ ያመጣዋል፤ ከላይ በጎሚቶ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ቼክ ቫልቭ ይከተላል፤ ከዚያ ጌት ቫልቭ፣ ከዚያ ቆጣሪው፣ ወዲያው ደግሞ ወደ መሬት የሚወርድ ሌላ ጎሚቶ። ሁሉም ሁለት ሜትር በማይሞላ የኮንክሪት መደብ ላይ ፍላንጅ ከፍላንጅ ተገጥሞ ሲታሰር ለዓይን ያምራል፣ ወጪም ይቆጥባል። ውስጡ ያለው ውሃ ግን ከጎሚቶው ሲወጣ ወደ ውጪው ጎን ተገፍቶ ነው፤ የቼክ ቫልቩ ክዳን ደግሞ አቅጣጫውን ያዛባዋል፤ ግማሹ የተዘጋ ጌት ቫልቭ ካለ ውሃው በታችኛው ክፍተት በኩል ተወርውሮ ክንፉን ይመታል። በተለያየ አቅጣጫ የታጠፉ ሁለት ጎሚቶዎች በተከታታይ ሲመጡ ውሃው እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ጥምዘዛው ክንፉ ከሚዞርበት አቅጣጫ ጋር ከገጠመ ቆጣሪው ያበዛል፣ ከተቃረነ ያሳንሳል። ከቆጣሪው በፊት የቧንቧው ስፋት 10 እጥፍ፣ በኋላ 5 እጥፍ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይኑር የሚለው የሙያው ደንብ መነሻው ይኸው ነው። ለ100 ሚሊ ሜትር ቆጣሪ አንድ ሜትርና ግማሽ ሜትር፣ ለ200 ሚሊ ሜትር ሁለት ሜትርና አንድ ሜትር መሆኑ ነው። ፍሰቱን በቫልቭ ማነቅ ግድ ከሆነ የሚታነቀው ከቆጣሪው በኋላ ያለው ቫልቭ ይሁን፤ በፊት ያለው ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ።

በመገጣጠሙ ጊዜ የሚሠሩ ትንንሽ ነገሮችም እንዲሁ ይቆጠራሉ። በእጅ የተቆረጠ ጋስኬት ቀዳዳው ጠቦ ወይም ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ጠርዙ ወደ ቧንቧው ከገባ፣ ክንፉ ፊት ለፊት የተተከለ ደረጃ ሆነ ማለት ነው፤ ከውጭ ግን የሚታየው በደንብ የጠበቀ ብሎን ብቻ ነው። ቆጣሪውን እንደ መለኪያ ይዞ ፍላንጁን እዚያው መበየድ የተለመደ አቋራጭ ነው፤ ሙቀቱ የፕላስቲኩን ክንፍ ያጣምመዋል፣ የብየዳው ፍንጣሪም ውስጥ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር በቆጣሪው ርዝመት የተቆረጠ ባዶ ቧንቧ አስገብቶ መበየድ፣ መስመሩን በዚያው ማጠብ፣ አሸዋውና ዝቃጩ ጠርቶ ካለቀ በኋላ ቆጣሪውን በባዶው ቧንቧ ቦታ መተካት፣ ከዚያም ቫልቩን ቀስ ብሎ መክፈት ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ በተከላው ቀን በችኮላ የታለፈውን በኋላ ማንም ፈትቶ አያየውም።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው የመጀመሪያው መልስ ቦታ የለም የሚል ነው፤ ከሱም ጋር ዘመናዊ ቆጣሪዎች ቀጥ ያለ ቧንቧ አይፈልጉም የሚል ይከተላል። ሁለተኛው ከፊል እውነት አለው። ከፊትም ከኋላም ቀጥ ያለ ቧንቧ ሳያስፈልጋቸው እንዲሠሩ ተፈትነው ያለፉ ቆጣሪዎች አሉ፤ ክንፉ ቆሞ የሚዞርበት ዓይነት ቮልትማንም ግፊት ቢያስከፍልም ከፊቱ ለሚመጣ ብጥብጥ ያን ያህል አይበገርም። ነገር ግን ፈተናው የሚካሄደው ደረጃው በወሰናቸው መሣሪያዎች ነው፤ ውሃውን ወደ ቀኝ በሚያጣምም፣ ወደ ግራ በሚያጣምምና የፍጥነቱን አሰላለፍ በሚያዛባ። ወደ ውስጥ የገባ ጋስኬት፣ ግማሹን በቅጠል የተደፈነ ማጣሪያ፣ ባዶውን የሚያጮኽ ቧንቧ በፈተናው ውስጥ የሉም። የሱቅ ሚዛን የመንግሥት ማኅተም ቢኖረውም በዘመመ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እውነት አይናገርም። የቦታ ጥበት በእርግጥ ካለ ለቦታው የሚሆን ቆጣሪ ተመርጦ ይገዛ፤ ረጅም ቧንቧ የሚፈልገውን ገዝቶ በአጭር ቦታ መጠቅጠቅ ግን ቁጠባ ሊባል አይችልም። አንድ ሜትር ቧንቧ የሚከፈልበት አንዴ ነው፤ ስሕተቱ ግን ቆጣሪው እስኪነሳ በየቀኑ ይከፈልበታል።

ውሃ በፈረቃ በሚሰራጭባቸው ከተሞቻችን ደግሞ አየር የሚባል ሌላ ጣጣ አለ። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲሰነብት በአየር ይሞላል፤ ፈረቃው ሲደርስ ውሃው ያን አየር እየገፋ ይመጣል። ክንፉ አየርን ከውሃ አይለይም፣ የሚገፋው ነገር ካለ ይዞራል፤ ደንበኛው ቆጣሪዬ ውሃ ሳይመጣ ይዞራል ብሎ ሲከስ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የአየሩ ጉዳት በሂሳብ ብቻ አያበቃም። ውሃ የሚሰጠውን ልስላሴና ልጓም ያጣ ክንፍ ከአቅሙ በላይ ስለሚፈጥን ኩሽኔታው ይበላል፤ የተበላ ኩሽኔታ ደግሞ በትንሽ ፍሰት አልነሳም ይላል። ያው አየር ዛሬ ደንበኛውን ያስከፍለዋል፣ ነገ ድርጅቱን ያከስረዋል። መፍትሔው በቦታ ምርጫ ይጀምራል። ቆጣሪ መስመሩ ከፍ ባለበት ጉብታ ላይ አይተከልም፣ አየር የሚከማቸው እዚያ ነውና። ዝቅ ባለ ቦታ ተተክሎ ቧንቧው ከሱ በኋላ ከፍ ቢል ሁልጊዜ እንደሞላ ይቆያል፤ ከሱ በፊት ባለው ከፍታ ላይ ደግሞ የሚሠራ የአየር ማስወጫ ቫልቭ ያስፈልጋል። የሚሠራ ማለቴ አለምክንያት አይደለም፤ አንጠባጠበ ተብሎ የተደፈነ የአየር ቫልቭ እንደሌለ ይቆጠራል።

የቆጣሪው መጠን ምርጫም ከዚሁ ክርክር ይመዘዛል። የቧንቧው ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቆጣሪውም 100 ይሁን ማለት ልማድ ነው። ቋሚ የፍሰት አቅሙ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ የሆነ፣ ዝቅተኛው ደግሞ የዚህ መቶኛ የሆነ ቆጣሪ እንውሰድ፤ በሰዓት ከ1 ሜትር ኩብ በታች ለሚያልፈው ውሃ ምንም ዋስትና አልሰጠም። አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ያለ ጋን ተንሳፋፊው ተበላሽቶ በሰዓት ግማሽ ሜትር ኩብ ቢያፈስ በቀን 12፣ በወር 360 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ያለ ዋስትና ነው የሚያልፈው፤ ጨርሶ ላይቆጠርም ይችላል። ስለዚህ መጠን የሚመረጠው የደንበኛውን የቀንና የሌሊት ፍሰት ለጥቂት ቀናት መዝግቦ ነው። አነስ ያለ ቆጣሪ በሪዲውሰር ማስገባት፣ የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ከሰፋም ትልቁና ትንሹ አንድ ላይ የተጣመሩበትን ዓይነት መትከል ይቻላል። ትንሽ ቆጣሪ ግፊት ይቀንሳል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የግፊት ቅነሳው በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ ስላለ መገመት ሳይሆን ማስላት ይበቃል።

ጥገናን ቆጣሪው ሲቆም የሚደረግ ሥራ አድርጎ ማየት የሙያው ትልቁ ድክመት ነው። የቆመ ቆጣሪ ራሱን ያጋልጣል፤ አደገኛው እየዞረ የሚሳሳተው ነው። ከቆጣሪው በፊት የሚገባው ማጣሪያ ጉድጓድ አሸዋ በሚተፋበት አካባቢ ግዴታ ነው፤ ካልጸዳ ግን ራሱ የስሕተት ምንጭ ይሆናል፣ ውሃው በቀሩት ቀዳዳዎች በኩል ተሰብስቦ ስለሚወረወር። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ሁለት የግፊት መለኪያ ቢኖር ልዩነቱ ሲሰፋ የማጽጃው ጊዜ እንደደረሰ ይታወቃል። ብዙ ቮልትማን ቆጣሪዎች አካላቸው ከመስመሩ ሳይነሳ የውስጥ ክፍላቸው ይቀየራል፤ ምቹ ነው፣ ግን አካሉ ቅርፊት ከያዘ አዲሱ ክፍል የሚሠራው በጠበበ ቤት ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ ግድግዳው ይፋቅ። ፍተሻውም የግድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። ወለሉ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ማጠራቀሚያ ካለ መውጫውን ዘግቶ ውሃው 1 ሜትር እስኪነሳ መጠበቅ ነው፤ 100 ሜትር ኩብ ገባ ማለት ነው፣ የቆጣሪው ንባብ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። በከፍታው ንባብ ላይ የአንድ ሳንቲ ሜትር ስሕተት ቢኖር 1 በመቶ ብቻ ነው። ተቸኩሎ በ30 ሳንቲ ሜትር ቢቆም ግን ያው ሳንቲ ሜትር ከ3 በመቶ ይበልጣልና ፍተሻው ከቆጣሪው የባሰ ይሳሳታል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። አንደኛው አንዱ ቆጣሪ ሲያበዛ ሌላው ያሳንሳል፣ በድምሩ ይቻቻላል የሚል ነው። በሺህ የሚቆጠሩ የቤት ቆጣሪዎች ላይ እንኳ ይህ አይሠራም፤ እርጅና ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ማሳነስ ያደላልና። የምርት ቆጣሪዎች ደግሞ ቁጥራቸው ጥቂት፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ትልቅ ነው፤ የአንዱ ስሕተት የከተማውን የብክነት ስሌት ብቻውን ያዛባል። ሁለተኛው ኤሌክትሮማግኔቲክና አልትራሳውንድ ቆጣሪ እያለ በክንፍ ምን አደከመን የሚል ነው። ክንፍ ስለሌላቸው የሚበላ ኩሽኔታ የላቸውም፤ አሸዋም ብዙ አይጎዳቸውም፤ አቅም ባለበት ቢተከሉ ደግ ነው። ግን እነሱም የሚለኩት ፍጥነት ነው። ያልሞላ ቧንቧ፣ የታነቀ ቫልቭ፣ የተጠጋ ጎሚቶ ያስታቸዋል፤ በላዩም ኃይል ወይም ባትሪ፣ አንዳንዶቹም ትክክለኛ የመሬት ሽቦ ይፈልጋሉ። ቧንቧውን ሳያስተካክል መሣሪያውን የሚቀይር ድርጅት ያንኑ ስሕተት በውድ ዋጋ ገዛ ማለት ነው።

ስለዚህ የውሃ አገልግሎት ኃላፊዎችና ተቆጣጣሪ መሐንዲሶች፣ የቆጣሪ ተከላ ስትረከቡ የማረጋገጫ ወረቀቱን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ሜትር ይዛችሁ ከፊትና ከኋላ ያለውን ቀጥ ያለ ቧንቧ ለኩ፤ የአየር ቫልቩ እንደሚሠራ አስከፍታችሁ እዩ፤ ማጣሪያው ሊፈታ የሚችልበት ክፍተት መኖሩን አረጋግጡ፤ የመጀመሪያውን የማጠራቀሚያ ፍተሻ ውጤት ከፊርማችሁ ጋር አያይዙ። እነዚህ አራቱ ያልተሟሉበት ቆጣሪ ገና አልተተከለም።