ከጉልበት በታች ያለው ቤት

ጥሩ ኢንስፔክተር የቤት ዴይኬር ስትገባ መጀመሪያ የምትሠራው መቁጠር ነው። ሰላምታ እየሰጠች፣ መታወቂያዋን እያሳየች፣ ጫማዋን እያወለቀች ዓይኗ ራስ ይቆጥራል። ሳሎን ውስጥ አራት፣ ጠረጴዛ ሥር አንድ፣ ከመኝታ ክፍል የሚነጫነጭ አንድ። የመጣችው ሳትናገር ስለሆነ ይህ የመጀመሪያ ቁጥር ከየትኛውም መዝገብ ይበልጣል። ሶፋ ላይ ተቀምጣ ወረቀት እስኪቀርብላት ከጠበቀች የቀኑ ትልቁ ማስረጃ አመለጣት።

የምጽፈው ስለ ቨርጂኒያ ነው። አሌክሳንድሪያ ወይም ስፕሪንግፊልድ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ፣ ሳሎኗን ወይም ቤዝመንቷን ለልጆች አሰናድታ በዚያ የምትተዳደር እናት አያጣም። በግዛቲቱ ሕግ ከራሷ ልጆች ሌላ አምስት ልጅ የያዘች ሴት ላይሰንስ ማውጣት አለባት፤ ጣሪያው 12 ነው። ቀድሞ ግዴታው የሚጀምረው ከስድስት ነበር። ዋሽንግተን ፖስት በ2014 በቨርጂኒያ የቤት ዴይኬሮች ስለሞቱ ሕፃናት ተከታታይ ምርመራ ካተመ በኋላ ነው ቁጥሩ የወረደው። ላይሰንስ ያለው ቤት በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጎበኛል፤ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ያለ ቀጠሮ ነው። በእኛ ዘንድ ስለዚህ ጉብኝት ሲወራ ሁልጊዜ «መጣችብኝ»፣ «ጻፈችብኝ» ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሥራው በደንብ ሲሠራ ምን ያህል እጅ ያለው ሙያ እንደሆነ ነው።

ከቆጠራው እንነሳ። እያንዳንዱ ልጅ እንደ ዕድሜው ነጥብ አለው፦ እስከ 15 ወር ያለ ሕፃን 4፣ ከ16 እስከ 23 ወር 3፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት 2፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት 1፤ 10 ዓመት የሞላው ዜሮ ነው። አንዲት ሞግዚት ብቻዋን ከ16 ነጥብ በላይ መያዝ አትችልም። ይህን ያወጣ ሰው ልጅ አሳድጓል እላለሁ። አራት ጨቅላ ይዞ የዋለና ስምንት የሦስት ዓመት ልጆች ይዞ የዋለ ሰው ድካማቸው እኩል መሆኑን ቁጥሩ ያውቃል።

እንዲህ ያለ ቤት አስቡ። ሁለት ጨቅላ፣ አንዲት የ20 ወር ልጅ፣ ሁለት የሦስት ዓመት ልጆች፤ ድምሩ 15። ጠዋቱ በሰላም አለፈ። ከሰዓት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ሲያወርድ 16 ሞላ። የስምንት ዓመት ወንድሙ ተከትሎት ሲገባ ግን 17 ሆነ፤ ረዳት ከሌለች ሕግ ተጣሰ ማለት ነው። ማንም አልወደቀ፣ ማንም አላለቀሰ፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። ሙያውን የምታውቅ ኢንስፔክተር ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት አትመጣም። አንዱን ጉብኝት ለአውቶቡሱ ሰዓት ታቆየዋለች። ወደፊትም ታሰላለች፦ የ20 ወሯ ልጅ ከአራት ወር በኋላ ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድ ነጥብ ትለቃለች። ይህን ለባለቤቲቱ ነግራት ብትሄድ ከቅጣት ወረቀት የበለጠ ትሠራለች።

ከቁጥሩ በኋላ ትንበረከካለች። እዚህ ላይ ነው ደካማውና ጎበዙ የሚለዩት። ደካማው ቆሞ ያያል፤ ቆሞ የሚታየው ቤት ደግሞ ለእንግዳ የተዘጋጀው ነው። የሚድህ ልጅ የሚኖረው ከአዋቂ ጉልበት በታች ባለው ቤት ውስጥ ነው፤ የሶፋው ሆድ፣ የማሞቂያው ፍርግርግ፣ የመጋረጃው ገመድ ጫፍ፣ የመታጠቢያ ሳህኑ ሥር። ምስር የሚለቅም ሰው ዓይኑ ምስሩን ዘሎ ጠጠሩ ላይ እንደሚያርፍ፣ የሠለጠነች ኢንስፔክተር ዓይንም መቶ መጫወቻ ባለበት ምንጣፍ ላይ አንዲቷን የባትሪ ክዳን ያገኛታል። ከተጠራጠረች የምትለካበት መሣሪያ አለ፦ ወርዱ 1.25 ኢንች፣ ማለት 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ፤ ታቹ ሰያፍ ስለሆነ ጥልቀቱ ከ1 ኢንች ይጀምርና 2.25 ላይ ያበቃል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጉሮሮ አምሳያ ነው። ዕቃው ሳይጨመቅ በየትኛውም ጎኑ ሙሉ በሙሉ ከገባ ለእነዚያ ልጆች አይሰጥም። በአሜሪካ የመጫወቻ ፋብሪካዎች የሚመዘኑበት ልክ ይኸው ነው፤ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ከኪስ ሲወጣ ግን ሌላ ክብደት አለው።

የኛ ኩሽና ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ገመድ ከጠረጴዛ ወርዶ ይንጠለጠላል። በርበሬውና ሚጥሚጣው ታችኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ከሁሉ በላይ ቡናችን ወለል ላይ ነው የሚፈላው፤ ረከቦቱ፣ ትኩሱ ጀበና፣ ፍም ያለበት ማጨሻ፣ ሁሉም በሚድህ ልጅ ቁመት ልክ ተደርድሯል። ባህሉን የማታውቅ ኢንስፔክተር ደንግጣ ትጽፋለች። የምታውቀው «ቡናው የሚፈላው መቼ ነው?» ትላለች። መልሱ «ልጆቹ ከሄዱ በኋላ» ከሆነ አመዱን ትመለከታለች፤ የትናንት ነው ወይስ የዛሬ ጠዋት?

ከሁሉ የምወደው ግን የቦርሳው ጥያቄ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ አንድ የሴት ቦርሳ ተቀምጧል። ሐበሻ ኢንስፔክተር ብትሆን ንግግሩ እንዲህ ይሄዳል።

«እትዬ፣ ይቺ ቦርሳ የማን ናት?»

«የእናቴ ናት። ትናንት ከአዲስ አበባ ገባች።»

«እንኳን ደህና መጡ። ለምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ?»

ከኢንስፔክተሯ በኩል ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚፈልገው ኪኒን ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ከነማሸጊያው በልጅ እጅ መድረሻ ላይ መሆን አለመሆኑን። ሁለተኛው የሚፈልገው ወረቀት ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖር አዋቂ ሁሉ የጣት አሻራ ሰጥቶ የወንጀል መዝገቡ መታየት አለበት፤ ከልጆቹ ጋር የሚውል ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ይጠየቃል። ለሁለት ሳምንት የመጡ እንግዳና የልጅ ልጃቸውን ሊያሳድጉ የመጡ ነዋሪ በሕጉ ዓይን አንድ አይደሉም። «እንኳን ደህና መጡ» የምትለዋ ቃል መሐል ላይ መግባቷ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ የተከበረ ሰው እውነቱን በቀላሉ ይናገራል።

የሕፃናቱ መኝታ ክፍል ብዙ ጊዜ ሊወስድባት ይገባል። መብራቱን አታበራም፤ ዓይኗ እስኪለምድ ትቆማለች። ፍርግርጉ ወደ ታች የሚንሸራተት አልጋ ካየች ነገሩ እዚያው አበቃ፦ እንዲህ ያለው አልጋ በፌዴራል ደንብ ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ የቤት ዴይኬሮችም እስከ ታኅሣሥ 28 ቀን 2012 (በፈረንጆች) እንዲለውጡ ተገደው ነበር። በፍርግርጉ መካከል ያለው ክፍተት ከ2⅜ ኢንች፣ ከ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መብለጥ የለበትም። የሶዳ ቆርቆሮ ካሾለከ ሰፍቷል። በፍራሹና በጎኑ መካከል ጣቷን ትከትታለች፤ ሁለት ጣት ከገባ ፍራሹ የዚያ አልጋ አይደለም። ሕፃኑ በጀርባው መተኛት አለበት። ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ምንም አይኖርም። አሜሪካ በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከጀመረች ወዲህ ሕፃናት በእንቅልፋቸው ሳሉ በድንገት የሚሞቱበት መጠን በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ ባዶ አልጋ የሚያስጠላው ለአያት ዓይን ነው እንጂ ለሕፃኑ አይደለም።

ነጠላ ጋ ስንመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። እኛ ስናድግ የተኛ ሕፃን ፊቱ ይሸፈን ነበር፤ ከብርሃን፣ ከዝንብ፣ ከሰው ዓይን። ልጁን ወዳ ነጠላ ያለበሰችውን ሴት ቸልተኛ ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ አለመጻፍም ስህተት ነው። ጎበዝ ኢንስፔክተር ነጠላውን ራሷ አታነሳም። ባለቤቲቱን ጠርታ እንድታነሳ ታደርጋለች፣ የሕፃኑ ደረት ሲወጣና ሲወርድ አብረው ያያሉ፣ ሰዓቱን ትመዘግባለች። ቀጥሎ በነጠላ ፋንታ የሚለበሰውን፣ እጅና አንገት ላይ የሚያዘውን የመኝታ ከረጢት ታሳያለች።

ቤዝመንት ላይ የመለኪያ ቴፑ ይወጣል። እዚህ የሚለካው ብዙ ጊዜ የካውንቲው ሰው ነው፤ ሒሳቡ ግን ስለሚያምር አላልፈውም። ልጅ የሚተኛበት ክፍል በእሳት ጊዜ የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል። በተለመደው የግንባታ ደንብ ሲከፈት የሚቀረው ክፍተት ቢያንስ 20 ኢንች ወርድና 24 ኢንች ቁመት፣ ስፋቱ ደግሞ ለቤዝመንት 5 ስኩዌር ፊት መሆን አለበት፤ ደፉ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ አይርቅም። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች አሟልቶ ደስ ይለዋል። 20 በ24 ሲባዛ ግን 3.3 ስኩዌር ፊት ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ቁጥር ጋ ሳይደርስ ይቀራል። አራት ፊት በሦስት ፊት የሆነ ተንሸራታች መስኮት መስተዋቱ ሰፊ ነው፤ የሚከፈተው ግማሹ ስለሆነ ፍሬሙ ሲቀነስ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው መስኮቱን ሳይሆን ቀዳዳውን ይለካል።

ጓሮውን በአጭሩ ልለፈው፤ አንድ ነገር ብቻ። የመጫወቻ መሰላልና የአጥር ክፍተት ከ3.5 ኢንች ይጥበብ ወይም ከ9 ኢንች ይስፋ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው የሕፃን ሰውነት አሹልኮ ራሱን የሚይዝ ልክ ነው።

ወረቀቱም ሥራ አለው። እሳት ቢነሳ ልጆቹን የማስወጣት ልምምድ በየወሩ መደረግና መመዝገብ አለበት። አንባቢ የሆነች ኢንስፔክተር መዝገቡን እንደ ደብዳቤ ታነበዋለች። አሥራ ሁለቱም ወራት በአንድ እስክሪብቶ፣ ሁሉም ጠዋት፣ ሁሉም «ሁለት ደቂቃ» ከሆነ አንድ ማታ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ነው። እውነተኛ መዝገብ ይዘበራረቃል፤ በጥር አራት ደቂቃ የፈጀው ካፖርት ስለተፈለገ ነው።

ሥራዋ የሚለካው በመጨረሻ በምትጽፈው ነው። የቨርጂኒያ ሪፖርት ቅርጹ ደረቅ ነው፦ የደንቡ ቁጥር፣ ግኝቱ በማየት ነው ወይስ በመጠየቅ ወይስ መዝገብ በማገላበጥ፣ ከዚያ በተራ ቁጥር ማስረጃው፣ ከዚያ የእርምት ዕቅዱ። ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ ማንም ወላጅ ያነበዋል። «ሞግዚቷ ለሕፃናት እንቅልፍ ጥንቃቄ አታደርግም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ክስ እንጂ ማስረጃ አይደለም። በደንብ የተጻፈው እንዲህ ይሆናል፦ «በመኝታ ክፍሉ መስኮት በኩል ባለው አልጋ የ5 ወር ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ነበር። ነጭ ነጠላ ፊቱን ሸፍኖ ነበር። ሞግዚቷ በተጠየቀች ጊዜ ወዲያው አነሳችው።» አንድም ቅጽል ለፍርድ አልገባም። «በጀርባው» የሚለው ለሴትዮዋ የሚመሰክር ነው፣ «ወዲያው» የሚለውም እንደዚያው፤ ጥፋቱ ግን አልተሸፈነም። ከሳሽም ጠበቃም በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሥራቸውን ሲሠሩ የማየው እዚህ ነው። ጋዜጠኞች ብናነበው አይጎዳንም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜ ደግሞ የለም። የ2014ቱ የፌዴራል የሕፃናት እንክብካቤ ሕግ በየግዛቱ በፌዴራል ድጎማ ልጅ የሚይዝ፣ ላይሰንስ ያለው ቤት ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንዴ ሳይታሰብ እንዲጎበኝ አዘዘ፤ ኢንስፔክተሯ ግን በየመንገዱ መኪና ውስጥ ነው የምትውለው። መፍትሔ ተብሎ ከቀረቡት አንዱ የፔንሲልቬንያው ተመራማሪ ሪቻርድ ፊን ያዳበሩት ስልት ነው፤ ከመቶዎቹ ደንቦች ጥቂቶቹ የሌሎቹን ሁኔታ ስለሚተነብዩ፣ ታሪኩ ጥሩ የሆነ ቤት በእነዚያ ብቻ ቢታይ ይበቃል ይላል። ስሌቱ አሳማኝ ነው። ነገር ግን አጭሩ ዝርዝር በጎበዝ እጅ ጊዜ ይቆጥባል፤ በሰነፍ እጅ ላለመንበርከክ ምክንያት ይሆናል።

የክትትል ጉብኝቱም የራሱ ብልሃት አለው። ባለፈው የተጻፈው የመታጠቢያ ሳህኑ ሥር ያለው ቁም ሣጥን ቁልፍ እንደሌለው ነበር። ባለቤቲቱ አዲሱን ቁልፍ ለማሳየት ቸኩላ ወደዚያው ትመራታለች፤ ኢንስፔክተሯ ታይላታለች፣ ታመሰግናለች፣ ፊርማ ትወስዳለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ቁም ሣጥን ትከፍታለች።