መጽሐፍን ስለ መውደድና ስለ መመርመር

«የወደደና ያበደ አንድ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመጻሕፍትም እንደሚሠራ የምንረዳው፥ አንድን ድርሰት ከልቡ የወደደ አንባቢ የሚያደርገውን ስንመለከት ነው። ለዚህም ከራሳችን ሥነ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ እናነሣለን።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለዛሬ ያደረሰው የሐያስያን ምርመራ ብቻ አይደለም። አንባቢው ከእጅ ወደ እጅ ተዋዋሰው። ዝነኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከውም፥ ፊደል ያልቈጠረው ሳይቀር የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን መከራ እንደ ዘመድ መከራ አዳመጠ። ይህን የመሰለውን አድናቆት የሚንቅ ሐያሲ ቢኖር ተሳስቷል። ሐያሲ መጽሐፍን ይመዝናል እንጂ፥ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያወርሰው ወዳጅ አንባቢ ነውና።

ነገር ግን አድናቆት የራሱ ጨለማ አለው። አንድ ሰው መጽሐፉን አመስግኖ፥ የጉዱ ካሳ ንግግር አንዳንድ ስፍራ ላይ ስለሚረዝም የታሪኩን ጉዞ ያዘገየዋል ቢል፥ ብርቱው አድናቂ የቀረበለትን ምክንያት መመርመር ትቶ የተናጋሪውን ልብ ይመረምራል፤ ምቀኛ ነው፥ ወይም አልገባውም ይላል። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። ደራሲው በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፥ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ «የልም እዣት»ን አሳትመዋል። የበኵሩን ልብ ወለድ በቃሉ ሊደግመው የሚቃጣው አድናቂ እነዚህን ሁለቱን ሳይገልጥ የቀረ እንደ ሆነ፥ የሚወደው ደራሲውን ሳይሆን የራሱን ትዝታ እንዳይሆን እንሠጋለን።

ከሁሉ የሚያስገርመን ግን የሚከተለው ነው። ካሳ ዳምጤ «ጉዱ» የተባለው፥ ሌላው ሁሉ አሜን ብሎ የተቀበለውን ሥርዓት መርምሮ ጉድለቱን በግልጽ ስለ ተናገረ፥ ያገሩ ሰው እንደ እብድ ቈጥሮት ነው። አንባብያንም ይህን ሰው ስለ ድፍረቱ ወደዱት። እንግዲህ ጉዱ ካሳን እየወደደ፥ መጽሐፉን የመረመረውን ሰው በስድብ ዝም የሚያሰኝ አድናቂ፥ ያገሩ ሰዎች በካሳ ላይ የፈጸሙትን በደል መልሶ መፈጸሙ አይደለምን?

እኛም ራሳችን ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነን አንልም፤ የምንወደው መጽሐፍ ሲነካ ልባችን መቈጣቱ አይቀርም። ሆኖም «ወዳጅ ያስለቅሳል፤ ጠላት ያስቃል» እንደ ተባለው፥ ጉድለትን ነግሮ የሚያሳዝነን ሰው ወዳጅ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባናል። ሐያሲውም በበኩሉ ነቀፋውን ከመጻፉ አስቀድሞ ሕዝብ ድርሰቱን ስለ ምን እንደ ወደደው ይጠይቅ። አድናቂውም ቍጣው ሲበርድለት የተነቀፈውን ምዕራፍ ገልጦ እንደ ገና ያንብበው። ነቀፋው ሐሰት ከሆነ መጽሐፉ ራሱ ይመሰክርለታል፤ እውነት ከሆነም ፍቅሩ አይጠፋበትም።