ንጽጽር ቁጥር ነውን? የዑመር ኸያምን ጥያቄ በሚገባው ስለ ማንበብ

ስለ እስልምና ሥልጣኔና ስለ ሒሳብ በሚጻፉ ጽሑፎች ሁለት ፍርዶች ሲደጋገሙ እናያለን። አንደኛው ዜሮን የፈለሰፉት ሙስሊሞች ናቸው የሚል ኩራት ነው። ሁለተኛው ሙስሊሞች የግሪክንና የሕንድን ዕውቀት ለአውሮፓ ከማድረስ ያለፈ ሥራ አልሠሩም የሚል ማሳነስ ነው። ሁለቱም በማስረጃ ፊት አይቆሙም።

የመጀመሪያውን ለመመለስ ብዙ መድከም አያሻም። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ለዜሮ የመደመርና የመቀነስ ደንብ አውጥቶለታል። አል-ኸዋሪዝሚም አኀዙ ከሕንድ የተገኘ መሆኑን አልሸሸገም። እርሱ ለባለቤቱ የመሰከረውን እኛ ልንነፍግ አይገባንም።

ሁለተኛው ፍርድ ግን ሰፋ ያለ ምላሽ ይሻል። ዩክሊድ በሰባተኛው መጽሐፉ ቁጥርን የአሐዶች ስብስብ ብሎ በይኖታል። በዚህ ብያኔ መሠረት ሊቆጠር የሚችለው ብቻ ቁጥር ነው፤ መስመርና ስፋት ግን መጠን እንጂ ቁጥር አይደሉም። የፈራኢድን ትምህርት የቀመሰ አንባቢ ግማሽን፣ ሲሶን፣ ስምንተኛን ከነመሰሎቻቸው ያውቃል፤ እነዚህ ሁሉ በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ይገለጻሉ። በካሬ ውስጥ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒ ማዕዘን የሚሰመረው መስመር ከጎኑ ጋር ያለው ንጽጽር ግን በማናቸውም ሁለት ሙሉ ቁጥሮች አይገለጽም። ግብጻዊው አቡ ካሚል እንዲህ ያሉትን ዳግም ዘሮች በእኩልዮሽ ውስጥ እንደ ማንኛውም ቁጥር አስልቶባቸዋል። ሥራው ቀድሞ ሄደ፤ መሠረቱ ግን ገና አልተጣለም ነበር።

ዑመር ኸያም በ470 ዓመተ ሂጅራ (1077 እ.ኤ.አ.) የዩክሊድን አስቸጋሪ መነሻዎች ለማብራራት በጻፈው መጽሐፍ የነካው ይህንኑ ክፍተት ነው። ዩክሊድ ለንጽጽሮች እኩልነት የሰጠው ብያኔ ትክክል ቢሆንም የንጽጽርን ባሕርይ አይገልጥም ሲል ተቸ። በምትኩ ቀደም ሲል አል-ማሃኒ የሄደበትን መንገድ ተከተለ፦ ትንሹን መጠን ከትልቁ ደጋግሞ መቀነስ፣ በቀሪው ደግሞ ትንሹን መልሶ መለካት፣ በየደረጃውም ስንት ጊዜ እንደ ተቀነሰ መመዝገብ። በካሬው ምሳሌ ቆጠራው አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያለ ያለ ማብቂያ ይቀጥላል። እንግዲህ ማለቂያ የሌለውን ንጽጽር ሙሉ ቁጥሮች በቅደም ተከተል ሊገልጹት ቻሉ።

ከዚህ በኋላ ንጽጽር በባሕርዩ ቁጥር ነውን? የሚለው ጥያቄ መምጣቱ ግድ ነበር። ኸያም ይህን መመርመር የፈላስፋ እንጂ የጂኦሜትሪ ሊቅ ድርሻ አይደለም ብሎ ፍርዱን አቆየ። ነገር ግን ስሌቱ እንዳይቋረጥ አንድ አሐድ ወሰነ፤ ወደዚያ አሐድ የሚነጻጸረውንም መጠን እውነተኛ ቁጥር ሳይለው እንደ ቁጥር ተጠቀመበት።

አንዳንዶች ይህን ክፍል የዘመናዊው ቁጥር ልደት አድርገው ያነቡታል፤ እኛ ግን ደራሲው ያልደፈረውን ማለት እንደሚሆን እናምናለን። ከእርሱ በኋላ ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ንጽጽርን ቁጥር ብሎ ለመጥራት ይበልጥ ደፈረ። ጀርመናዊው ሪቻርድ ዴዴኪንድ ለእነዚህ ቁጥሮች መሠረት ያስቀመጠበትን ጽሑፍ ያሳተመው ደግሞ በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። የኸያም ክብር ጥያቄውን ከዚያ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጡ፣ የሚያውቀውንም ከማያውቀው መለየቱ ነው። ዕቃ አድራሽ ብቻ የሆነ ሰው የተረከበውን አይመረምርም።

ይህን የምናነሣው ለትክክለኛነት ብቻ ብለን አይደለም። ዜሮ የእኛ ነው ተብሎ ያደገ ደረሳ አንድ ቀን የብራህማጉፕታን ስም ሲያገኝ እውነተኛውንም ድርሻ አብሮ መጠራጠሩ አይቀርም። ለቀደምት ዑለማዎች የሚበጃቸው ያልሠሩትን መሸለም ሳይሆን የሠሩትን በሚገባ ማንበብ ነው።