ጋብቻ በቁርባን፦ የትዳር መሠረት ወይስ የዕድሜ ማኅተም?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ አድርጋ፣ ምስጢረ ተክሊል ብላ፣ አንድነቱም ከሞት በቀር የሚለየው እንደሌለ በየዘመኑ ስታስተምር ኖራለች። ነገር ግን በእርሷ ጥምቀት የተጠመቀው፣ ጾሟን የሚጾመውና በዓሏን የሚያከብረው ሕዝብ አብዛኛው ትዳሩን በሰማንያ ውል መሥርቶ፣ ሲስማማው ኖሮበት፣ ሳይስማማው ሲቀር በሽማግሌ ፊት ንብረቱን ተካፍሎ ሲለያይ መኖሩ የታወቀ ነው። ትምህርቱና ኑሮው በአንድ አገር፣ በአንድ ደብር ጥላ ሥር፣ ይህን ያህል ተራርቀው ሳለ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋው እንዴት አብረው ሊዘልቁ እንደቻሉ መመርመር፣ የክርስቲያን ጋብቻ አንድነት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከሁሉ የተሻለ በር ይመስለኛል።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ፈጣን መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው ሕዝቡ ሃይማኖቱን በአፉ እንጂ በልቡ አልያዘም የሚል ወቀሳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ለመነኮሳት የሚስማማ ሸክም በምእመናን ላይ ስለ ጫነች ሰሚ አጣች የሚል ነቀፋ ነው። ሁለቱም መልሶች የሰማንያው ባለትዳር ቁርባንን ንቆት እንደ ተወው አድርገው ይነሣሉ። የነገሩ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ያሳያል፤ ሕዝቡ ከቁርባን የራቀው አቃልሎት ሳይሆን እጅግ ስለ ፈራው ነው።

አስቀድሞ የትምህርቱን መሠረት እንመልከት። ሊቃውንት የጋብቻን ዓላማ በሦስት ከፍለው ያስተምራሉ፤ እርስ በርስ ለመረዳዳት፣ ዘርን ለመተካትና ከዝሙት ለመጠበቅ። ከሦስቱ መረዳዳት ቀድሞ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኦሪት ዘፍጥረት ሔዋን ለአዳም የተሰጠችው ከውድቀት በፊት፣ ሞትም ሳይመጣና ትውልድን የመተካት ግዴታ ሳይኖር፣ ብቻውን መኖሩ መልካም ስላልሆነ ነውና። ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ በጠየቁት ጊዜም ጌታችን ወደዚያው ወደ ጥንተ ፍጥረት መለሳቸው፤ የሙሴን የፍቺ ጽሕፈት ለልብ ጥንካሬ የተሰጠ ፈቃድ አድርጎ፣ የአንድነቱን ሕግ ግን ከሙሴ አስቀድሞ ከፈጣሪ እጅ የወጣ አድርጎ አስተማረ። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ የባልንና የሚስትን አንድነት ክርስቶስ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ካለው አንድነት ጋር አገናኝቶ ምስጢር አለው። ስለዚህ አለመፋታት በዚህ ትምህርት ውስጥ ከውጭ የታከለ ክልከላ ሳይሆን ከምስጢሩ ባሕርይ የሚመነጭ ነው።

ሥርዓቱም ይህንኑ በምልክት ይተረጕመዋል። በድንግልና የቆዩ ሙሽሮች ቀለበት ያደርጋሉ፣ ካባ ይደርባሉ፣ ቅብዐ ቅዱስ ይቀባሉ፣ አክሊል ይደፋላቸዋል፤ የዚህ ሁሉ ፍጻሜ ግን ከአንድ መሠዊያ ሥጋውን ደሙን መቀበላቸው ነው። መዓስባን፣ ማለት ቀድሞ በትዳር የኖሩ ወይም ክብረ ድንግልናቸው ያለፈ፣ በንስሐ ተመልሰው ሲጋቡ አክሊሉ ቀርቶ ጸሎቱና ቁርባኑ ይፈጸምላቸዋል። ከዚህ እንደምንረዳው አንድነቱን የሚያጸናው ከአክሊሉ ይልቅ ቁርባኑ ነው።

በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የግብፅ ሊቅ ኢብን አል-ዐሳል በዐረብኛ ያጠናቀረውና ወደ ግእዝ ተተርጕሞ የአገራችን ሕግ የሆነው ፍትሐ ነገሥት፣ ከሃምሳ አንዱ አንቀጾቹ ሃያ አራተኛውን ለጋብቻ ሰጥቷል። ይህ መጽሐፍ ጋብቻ ያለ ተጋቢዎቹ ፈቃድ እንደማይጸና ይደነግጋል፤ የሥጋን ብቻ ሳይሆን በክርስትና ልጅነት የሚመጣውን የመንፈስ ዝምድናም ይጠብቃል። ስለ መለያየት ሲናገር ደግሞ ከሞት ሌላ ምክንያቶችን ያውቃል፤ ሁለቱ በአንድ ልብ ሆነው ምንኵስናን ሲመርጡ፣ አንደኛው ሲያመነዝር፣ ወይም አንደኛው በሌላው ሕይወት ላይ ሲያሤር ማኅበራቸው ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ስለ አንድነት የጸና ትምህርት ያለው ሕግ ለነፍስ አደጋ በር መክፈቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

ኑሮው ግን ከሕጉ ይለይ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋብቻው በውል እንደሚታሰር፣ የሚለየውም ወገን በውሉ የተወሰነውን መቀጫ እንደሚከፍል፣ መለያየቱም ቀላል እንደ ነበረ ጽፎ፣ ትዳራቸውን አጽንተው የሚኖሩት ካህናቱ እንደሆኑ አስተውሏል። እውነትም የካህን ቤት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የማይፈታው ጋብቻ ማሳያ ሆኖ ኖሯል፤ ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቁርባን ያገባል፣ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አግብቶ በክህነቱ ሊያገለግል አይችልም፤ አንድ ጊዜ የገባበት ኪዳን የአገልግሎቱም መሠረት ነውና። ምእመኑ ይህን አይቶ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ካህኑን ልምሰል የሚል ሳይሆን፣ ይህ የካህናት ዕጣ ነው የሚል ሆነ።

ከዚህም የተነሣ ልዩ ልማድ አደገ። በሰማንያ የተጋቡት ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አሳድገው ከዳሩ፣ ጠባያቸውን ከተላለመዱ፣ የወጣትነት ግለትም ካለፈ በኋላ፣ በስተርጅና ለንስሐ አባታቸው ተናዘው አብረው ይቈርባሉ። ከዚያ ወዲያ መለያየት የለም፤ ተለያይቶ ሌላ ማግባት ሥጋ ወደሙን እንደ መዳፈር ይቈጠራል። እንግዲህ በዚህ ልማድ ቁርባን ተፈትኖ ባለፈ ትዳር ላይ የሚታተም ማኅተም ሆነ ማለት ነው። ትምህርቱ አንድነት በመጀመሪያ የሚሰጥ ጸጋ ነው ሲል፣ ልማዱ አንድነት በመጨረሻ የሚረጋገጥ ውጤት ነው አለ።

ይህ ልማድ ጥበብ የለውም ለማለት አልደፍርም። ገና በልጅነቱ፣ በወላጆቹ ስምምነት፣ አይቷት ከማያውቃት ልጅ ጋር የሚዳር ወጣት፣ ፍትሐ ነገሥት የሚጠይቀው ፈቃዱ በውል ሳይታወቅ በማይፈታ ኪዳን ቢታሰር፣ የሚጐዳው እርሱና እርሷ ብቻ ሳይሆኑ የኪዳኑም ክብር ነበር። ሕዝቡ ሊጠብቀው የማይችለውን መሐላ ላለመማል መጠንቀቁ ከፈሪሃ እግዚአብሔር የሚቈጠር ነው። የሚያስወቅሰው ጥንቃቄው ወደ ቋሚ ሥርዓት ተለውጦ፣ የጸጋው እርዳታ እጅግ በሚያስፈልግበት በትዳር መጀመሪያ ዘመን ቤተሰቡን ከመሠዊያው ማራቁ ነው። ቁርባን ለመንገደኛ ስንቅ ሆኖ ሳለ፣ መንገዱን ለጨረሰ ሰው እንደሚከፈል ደመወዝ ታየ።

የዳግማዊ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ጋብቻ የነገሩን ሁለት ገጽ ያሳያል። ሁለቱም አስቀድመው በሌላ ትዳር ያለፉ ሰዎች ሲሆኑ፣ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በቁርባን ተጋቡ። በዚህ ጋብቻ ውስጥ የሸዋንና የሰሜንን መሳፍንት የማቀራረብ የመንግሥት ጥቅም እንደ ነበረበት የታሪክ ጸሐፊዎች አይክዱም። ነገር ግን ለጥቅም የተደረገ ውል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሊያፈርሰው የሚችል ብርቱ ምክንያት ነበረው፤ አብረው ልጅ አልወለዱምና። የዙፋን ወራሽ በሚያስፈልገው ንጉሥ ቤት፣ መካንነት በሰማንያ ትዳር የተለመደ የመለያያ ምክንያት በሆነበት አገር፣ ኪዳኑ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ፣ በረጅሙ ሕመማቸውም ዘመን ሳይቀር፣ ጸንቶ ቈየ። ይህም ዘር የጋብቻ ፍሬ እንጂ ምሰሶው እንዳልሆነ የሚለውን ትምህርት ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ አለመለያየትን ራሱን አንድነት አድርጎ መቍጠር ሌላ ስሕተት ነው። ሁለት ሰዎች በሰው ወሬና በካህን ግዝት ፍርሃት ብቻ በአንድ ጣራ ሥር ተጠልለው፣ አንደኛው የሌላውን ነፍስና አካል እያቈሰለ ቢኖሩ፣ ሥርዓቱ ተጠብቋል ቢባል እንኳ ምስጢሩ ተክዷል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጕም ለሚስት ከታዘዘው ይልቅ ለባል የታዘዘው እንደሚከብድ አስረድቷል፤ ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እስከ መስጠት እንደ ወደዳት እንዲወድ ታዟልና። ይኸው አባት በሌላ ድርሳኑ ሚስቱን የሚመታን ባል እጅግ አጥብቆ ይወቅሳል። ፍትሐ ነገሥትም በሕይወት ላይ ለሚያሤር ሰው የአንድነትን ሕግ መጠለያ እንዳላደረገለት ከላይ አይተናል። በዚህ መሠረት የትዕግሥትን ትምህርት ለተበደለችው ብቻ እየሰበከ ለበዳዩ የንስሐን ትምህርት የሚነፍግ መካሪ የቤተ ክርስቲያንን ድምፅ በግማሽ የቈረጠ ነው።

አንድነቱ በዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ደግሞ ከጾም የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከዓመቱ ቀኖች ግማሽ ያህሉን በሚይዙት አጽዋማት ባልና ሚስት ከሥጋና ከወተት ብቻ ሳይሆን ከመኝታም ይከለከላሉ፤ ይህም ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እንደ ጻፈው በሁለቱ ስምምነት ነው። ፍላጎቱን ስለ ሌላው ብሎ መግታትን በየዓመቱ የሚለማመድ ሰው፣ ሕመም፣ ድኽነትና እርጅና ሲመጡ አዲስ ትምህርት አይሆኑበትም። ብዙ ጊዜ የሥጋ ቅጣት ተብሎ የሚነቀፈው ሥርዓት በእውነቱ የትዳር ትምህርት ቤት ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሦስቱንም ተቀብሎ፣ የሚፈርሱበትን ሥርዓት ግን ለሁሉም አንድ አደረገው፤ ጕዳዩንም ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጠ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በስምምነት መፋታትን ፈቅዶ፣ ፍቺን የሚወስን ፍርድ ቤት እንዲሆን አድርጎ፣ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከወንዶቹ ጋር እኩል ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ። ከእንግዲህ በተክሊል የተጋባም ሆነ በሰማንያ የተፈራረመ በመንግሥት ሕግ ፊት እኩል ሊፋታ ይችላል። ይህን እንደ ሽንፈት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን እንደ ማጥራት አየዋለሁ። የዕድሜው ድንጋጌ ፈቃድን በማስቀደሙ የፍትሐ ነገሥትን አሳብ የሚያጠናክር ሲሆን፣ የፍቺው ድንጋጌ ደግሞ የማይፈታው አንድነት ከመጀመሪያውም በዳኛ ኀይል የቆመ እንዳልነበረ ገልጧል።

ስለዚህ የዛሬው የቤተ ክርስቲያን ሥራ የፍቺን ብዛት እያነሡ ማዘን ብቻ ሊሆን አይገባም። አያቶቻችን ወጣትነታቸውን ከቁርባን ያራቁበት ምክንያት፣ ማለት ያለ ፈቃድ መዳር፣ ዛሬ በሕግም በትምህርትም እየተወገደ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ምክንያቱ ሲቀር አብሮ አልቀረም። ንስሐ አባቱ ከሠርጉ በፊት ፈቃዳቸውን መርምሮ፣ ከሠርጉም በኋላ በየጊዜው ሁለቱን አብሮ እያናዘዘና እያቈረበ፣ በዳይን ገሥጾ የተበደለን ቢጠብቅ፣ ቁርባን በሽምግልና የሚደረስበት ማዕርግ መሆኑ ቀርቶ ወደ ጥንተ ቦታው፣ ወደ ትዳር መሠረትነቱ ይመለሳል።